«አንድ ክፍል ለዩለት» ላሉን ዶክተር፦ ከየት አምጥተን?

የሳሪሷ፦
ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ የቀረቡት ዶክተር ጉንፋንም ይሁን ሌላ ቀለል ያለ ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ሆስፒታል ከሚያጨናንቅ ቤቱ ይታከም አሉ፣ እሺ። ቀጥለው «ለታማሚው አንድ ክፍል ለዩለት፣ መጸዳጃውም የራሱ ይሁን» አሉ። ኧረ ባካችሁ! እኛ የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ 6 ሆነን ነው የምናድረው፣ ሽንት ቤቱ የግቢው ሰው ሁሉ ነው። የቱን ነው የምለየው?

ቀና በል፦
«ከተቻለ» ብለዋል እኮ። ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው ስሙ። ደሞ እውነታቸውን ነው፣ ልጁ አንዴ ስላስነጠሰ ጤና ጣቢያ ወስዶት ወረፋ ላይ ሲጋፋ የሚውለው ሰው ነው ሌላ በሽታ ሸምቶ የሚመለሰው

የሳሪሷ፦
አላሉም! ቢሉስ? ካልተቻለስ የሚለውን ማን ይመልስ? ወዲያው ማስታወቂያ ገባ አለቀ

ጡረተኛው፦
በ2012 መጋቢት ኮሮና የገባ ሰሞን የተያዘ ሁሉ ወደ ማዕከል ነበር፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ሳይቀር አልጋ ተደረደረበት። ቁጥሩ ሲበዛ ነው ቀላል ምልክት ያለው ቤቱ ይቆይ የተባለው። ያኔም ይቺው «ክፍል» ነበረች። ዶክተሮቹ ክፍሏን አልረሷትም፣ የእኛ ቤት ግን ያው አልሰፋ፣ እንደውም የፈረሰበትም አለ

ቀና በል፦
ፖለቲካ አታስገባ

ጡረተኛው፦
ቤት ፈረሰ ማለት ነው ፖለቲካ? ታማሚው የት ይተኛ እያልን አይደል እንዴ የምናወራው?

ሲስተር ነኝ፦
ክፍል ክፍል ስትሉ ዋናው ነገር ተረሳ። ጤና ጣቢያ ነው የምሰራው። ክፍል ከሌለ ቢያንስ 1 ሜትር ተራራቁ፣ ፍራሹ አንድ ከሆነ ራስጌና ግርጌ ሆናችሁ ተኙ፣ ኩባያና ፎጣውን ለዩ፣ አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፣ መስኮት ክፈቱ። ቴርሞሜትር፣ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት)፣ ሳሙና፣ በረኪና ቤት ይኑር፣ ሲታመሙ መሯሯጥ የለም። ኦአርኤሷን በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው የምትበጠብጡት፣ በብርጭቆ አይደለም!! ካደረ ድፉት። ትኩሳት ላለበት ልጅ አስፕሪን አትስጡ። ትንፋሹንም ቁጠሩ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ቤት አታቆዩት፣ ቶሎ አምጡት

የጓዳ እመቤት፦
መስኮት ክፈቱ?? ልጁ አተኩሶት እያለ ምች ሊመታው? እኛ ዳማከሴ አሽተን ጨምቀን በቡና ሰጥተን፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አብልተን ነው ያሳደግናችሁ

ሲስተር ነኝ፦
እትዬ ዳማከሴውን መች ከለከልኩ? የተዘጋ ቤት ውስጥ ሁሉም የአንዱን ትንፋሽ ነው የሚተነፍሰው። ይባስ ብሎ ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ ልታጠን የሚል አለ፣ ጉንፋኑ ሳይሆን የከሰሉ ጭስ ነው የሚጨርሰው

ታክሲ ተሳፋሪ፦
ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ክፈት ብዬ የተሰደብኩትን እኔ ነኝ የማውቀው ሃሃ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ የኮቪድ መመርመሪያውን ከፋርማሲ ገዝተን ቤታችን ተመርምረን ነው የምንቀመጠው። አገር ቤት ያለው ችግር የግንዛቤ ነው

የሳሪሷ፦
«የግንዛቤ»!! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እጅህን ቶሎ ቶሎ ታጠብ የሚባል ግንዛቤ? ጄሪካኑ ሲያልቅ በግንዛቤ እንታጠብ?

ጡረተኛው፦
ግንዛቤ በኮንቴነር ይላክልን በያት

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድ ነኝ። ሀሳብ ሰጠሁ እንጂ ማንንም አልሰደብኩም። ለቤተሰብ መድኃኒት የሚልከው ማን ሆነና?

የሳሪሷ፦
መድኃኒት ላክልኝ ያለህ አለ? እኔ ስለ ክፍል ነው የጠየኩት

ሚኪ፦
ምን ታካብዳላችሁ፣ እኔ ሲይዘኝ አሞክሳሲሊን 3 ቀን ውጬ ጭጭ ነው የሚለው

ሲስተር ነኝ፦
ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ አይነካውም። ሳትውጠውም ይለቅህ ነበር። እንዲህ እየጀመራችሁ እያቋረጣችሁ ነው መድኃኒቱ የምር ስትታመሙ እምቢ የሚላችሁ

ሚኪ፦
ታዲያ ፋርማሲው ለምን ያለ ማዘዣ ሸጠልኝ? እሱን ጠይቂ

ቀና በል፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ጠያቂ ነው። በሽተኛው ተለየ ብትሉ መንደሩ ሙሉ ብርቱካን ይዞ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ቤት ማስታመም ከተባለ መጀመሪያ ጥየቃው ይቁም፣ ስልክ አለ አይደል

የጓዳ እመቤት፦
አጥሚትስ በስልክ ይጠጣል?

ቀና በል፦
በር ላይ አስቀምጦ መሄድ ይቻላል

የጓዳ እመቤት፦
እንደ ለማኝ? አንተ ስትታመም እናይሃለን