ሳርጀንት ነኝ፤ ከሲያትል ወደ ዳላስ ብሄድ ያዋጣኛል?

የኬንቱ፦
ሰላም ናችሁ። ሲያትል አካባቢ ፖሊስ ነኝ። 12 ዓመቴ ነው፤ ሳርጀንት ከሆንኩ ሦስት። ኦቨርታይም ሳይጨምር በዓመት 145 ሺህ ዶላር አገኛለሁ። ኬንት ላለችኝ ታውንሃውስ በወር 3,700 እከፍላለሁ፣ የሁለት ልጆች ዴይኬር ሲጨመርበት የሚተርፍ ነገር የለም። የባለቤቴ ወንድም ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። በደወለ ቁጥር ጓሮውን በቪዲዮ ያሳየኛል፤ አራት መኝታ፣ በ340 ሺህ የገዛው። «ቴክሳስ እኮ ኢንካም ታክስ የለም!» ይለኛል። ዳላስ የሳርጀንት ደሞዝ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ የቤቱ ርካሽነት አያካክሰውም? ባለቤቴ ነርስ ናት፣ እሷ የትም ሥራ አታጣም።

ግሪንቪል አቬኑ፦
ና! እንጀራው ደጅህ ነው። የሐምሌን የኤሲ መብራት ሂሳብ ግን ከመጣህ በኋላ እንነግርሃለን 😂

የድሮው ሳርጀንት፦
ወንድሜ፣ በዚህ መንገድ ሄጄበታለሁ። መጀመሪያ፣ ያለህበት ዋሽንግተን ስቴትም ከደሞዝህ የስቴት ኢንካም ታክስ አይቆርጥም፤ ታዲያ ምኑን አተረፍክ? ዳላስ አካባቢ የቤት ግብር ከዋጋው 2 ከመቶ ገደማ ነው፣ እናንተ ጋ 1 ከመቶ አካባቢ። ቤትህ በዋጋ የእሱን እጥፍ ቢሆን እንኳ ግብራችሁ ያው ነው። በረዶው ጣሪያ ስለሚበሳ ኢንሹራንሱም ይከብዳል።

ዋናው ግን እሱ አይደለም። ሳርጀንትን ከሳርጀንት አታወዳድር። ላተራል ስትገባ (ከሌላ ከተማ ፖሊስ ተዛውረህ ስትቀጠር ማለት ነው) ማዕረግህ አብሮህ አይመጣም። እኔ መስመሮቹን ከእጅጌዬ አስፈትቼ፣ የቴክሳስን የፖሊስ ፈቃድ ፈተና ተፈትኜ፣ በ41 ዓመቴ የሌሊት ፓትሮል ገባሁ። የሚያዘኝ ልጅ በዘጠኝ ዓመት ያንሰኛል። ጨዋ ልጅ ነው፣ «ሰር» እያለ ነበር የሚያዘኝ፤ እሱ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ።

ጡረታህንም አስላው። ሊዮፍ 2 (አሁን ያለህበት የዋሽንግተን የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጡረታ) ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓመት 2 ከመቶ ነው፤ አሁን ብትለቅ የደሞዝህ አማካይ 24 ከመቶ ቁጭ ብሎ 53 እስኪሞላህ ይጠብቅሃል። በዚያ መሐል ደሞዝ ቢጨመር አንተን አይመለከትም። ዳላስ ከተማ ከገባህ ደግሞ ለጡረታ ከደሞዝህ 13.5 ከመቶ ይቆረጣል፤ አሁን የሚቆረጥብህ 8.53 ነው። የጡረታ ዕድሜውም 58 ነው።

የነርሷ ጎረቤት፦
ሚስትህን ጠይቀሃታል ወይስ ወንድሟን ብቻ ነው የምትሰማው?

የኬንቱ፦
@የነርሷ ጎረቤት፣ እሷማ ዝናቡ ሰልችቷታል፣ ዛሬ ብትለኝ ዛሬ ናት።
@የድሮው ሳርጀንት፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ማዕረጉን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ በኤክሴል የሠራሁት ሁሉ በሳርጀንት ደሞዝ ነው። መልሰው ለሳርጀንት ፈተና እስኪያስቀምጡህ ስንት ጊዜ ጠበቅክ?

የድሮው ሳርጀንት፦
ለመፈተን ሦስት ዓመት። ካለፍኩ በኋላ ቦታ እስኪከፈት ሌላ አንድ ዓመት ተኩል።