የተዋንያን ወግ ምሽት፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ፕሮፖዛል አብረን እንጻፍ

ጸሐፊው፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ስብሰባ እንደተባባልነው፣ የማኅበራችን የመጪው ዓመት ዋና ሥራ ምን ይሁን የሚለውን እዚህ ተወያይተን አንድ ፕሮፖዛል እናወጣለን። የኔን ሐሳብ ላስቀድም። ቁረጡት፣ ጨምሩበት፣ ካልጣማችሁም በግልጽ ንገሩኝ።

በወር አንድ ጊዜ «የተዋንያን ወግ» የሚባል ምሽት ይኑረን። አንድ ሰው መድረክ ላይ ይቀመጣል። አብሮት ስለሠራ ወይም በቅርብ ስለሚያውቀው አንድ ተዋናይ ያወጋናል። ከወረቀት የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አይደለም። ወግ ነው።

የመጀመሪያውን ምሽት ለሟቹ አሜሪካዊ የፊልም ዳይሬክተር ለፒተር ቦግዳኖቪች እንስጠው እላለሁ። (የውጭዎቹን ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አብዛኞቻችሁ በ1971 በሠራው «ዘ ላስት ፒክቸር ሾው» ታውቁታላችሁ። ለስምንት ኦስካር ታጭቶ ሁለት ያገኘ ፊልም ነው። ሁለቱንም የወሰዱት ተዋንያኑ ናቸው፣ ቤን ጆንሰንና ክሎሪስ ሊችማን። «ዘ ሶፕራኖስ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ የተከታተላችሁ ደግሞ የሥነ ልቦና ሐኪሟ ራሷ የምትታከምበትን ሐኪም ሆኖ ሲተውን አይታችሁታል። ትወና የተማረው በወጣትነቱ ከትወና አስተማሪዋ ከስቴላ አድለር ነው። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 30 ዓመቱ ድረስ ያየውን ፊልም ሁሉ በካርድ እየመዘገበ አስቀምጧል። ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ለመጽሔት እየጻፈ የፊልም ታላላቆችን አንድ በአንድ ያነጋግር ነበር።

እኔን የማረከኝ አወጋጉ ነው። ስለ ተዋናዩ ጂሚ ስቱዋርት ሲያወራ ያንን ጎተት የሚል አነጋገሩን ይዞ ይመጣል። ስለ ሌላው ተዋናይ ስለ ኬሪ ግራንት ሲያወራ ድምፁም ትከሻውም ይቀየራል። በ2004 ስለ ተዋንያን ብቻ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳትሟል። ደጋግሞ ከሚያወራቸው አንዷን፣ ስቱዋርት ራሱ የነገረውን፣ እነሆ።

ስቱዋርት ኮሎራዶ ውስጥ ፊልም እየሠራ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ መጣ። «ስቱዋርት አንተ ነህ?» አለው። አዎ አለ። ሰውየው አንድ ፊልም ላይ ስለ አብሪ ጥንዚዛ ግጥም ማለቱን አስታወሰው። «ጥሩ ነበር» ብሎት ሄደ። የፊልሙን ስም አያውቀውም። ያቺን አንዲት ደቂቃ ብቻ ለብዙ ዓመት ይዟት ኖሯል። ስቱዋርት ከዚህ ተነስቶ፣ የፊልም ትልቅነቱ ለሰው የማይረሳ የጊዜ ቁራሽ መስጠቱ ነው ብሎ አጫወተው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ፍቺ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ማን ከማን ጋር ታየ የለም። ስለ ሥራው ነው። ከእንግዶቻችን የምንጠብቀውም እንዲህ ያለውን ነው።

የትወና አሰልጣኟ፦

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል።

አንደኛ፣ ለምን በሆሊውድ ሰው እንጀምራለን? የራሳችን ታላላቆች እያሉ የመጀመሪያውን ምሽት ለሌላ መስጠት ለተማሪዎቼ ምን እንደሚነግራቸው አስቡት።

ሁለተኛ፣ የታዋቂ ሰው ወግ ሲባል ሐሜት ተከትሎ ይመጣል። አዳራሹም የሚሞላው በሐሜት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። የቦግዳኖቪች የራሱ የግል ሕይወትም ለጋዜጣ ወሬ ሲሆን ነው የኖረው። ይህንን ወደ ማስታወቂያችን እንዳናስገባው ከአሁኑ ይጻፍ።

ደግሞ ማስመሰል ለሁሉም ሰው አይሆንም። እሱ ሠልጥኖበታል። ያልሠለጠነ ሰው የሞተን ተዋናይ ድምፅ ሲያስመስል ቤተሰቡ ፊት ረድፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቢሰማስ? ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

አንጋፋው የመድረክ ተዋናይ፦

እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። ጥያቄሽ ትክክል ነው ልጄ። ግን ቦግዳኖቪች ቢቀድም አልከፋም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የአሜሪካኖቹ ፊልም አለ። ኬሪ ግራንትን ማየት የፈለገ ዛሬ ማታ ያየዋል። ያም ሆኖ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እየዞረ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ አወራ። እኛ ግን የመድረክ ልጆች ነን። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በነዚያ መድረኮች ላይ ከታየው አብዛኛው ካሜራ ሳያየው አልፏል። የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ ልጆቻችሁም ያውቁታል፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ስለተረከው። መድረክ ላይ እንዴት ይቆም እንደነበር፣ ዝም ሲል ምን ይመስል እንደነበር ግን የሚነግራችሁ ያየው ሰው ብቻ ነው። ያየው ሰው ደግሞ እያረጀ ነው። እነሱ ፊልሙ እያላቸው ይህን ያህል ከደከሙ፣ እኛ ምን ያህል መድከም አለብን? የመጀመሪያው ምሽት ይህንን ጥያቄ ካስነሳ በቂዬ ነው።

ጸሐፊያችን የቦሪስ ካርሎፍን ታሪክ አልነካኸውም። እኔ ልጻፈው፣ በጣም የምወደው ነው።

ካርሎፍ በ1931 የፍራንከንስታይንን ጭራቅ የተጫወተው ነው። ሲያረጅ ለፕሮዲውሰሩ ለሮጀር ኮርማን የሁለት ቀን ሥራ ዕዳ ቀረበት። ኮርማን ያንን ሁለት ቀን ለጀማሪው ቦግዳኖቪች ሰጠው። «ታርጌትስ» የተባለው የመጀመሪያ ፊልሙ የተወለደው እንዲህ ነው። ካርሎፍ ያኔ ዕድሜው 80 ገደማ ነው። እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፣ ትንፋሹም ያጥረዋል። ፊልሙ ውስጥ አንድ የቆየ ተረት ይተርካል። የባግዳድ ነጋዴ አሽከር ገበያ መሃል ሞትን ያገኘዋል። ደንግጦ ፈረስ ተውሶ ወደ ሳማራ ይሸሻል። ሞት ግን ቀጠሮው እዚያው ሳማራ ነበር።

ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊቱ ይቀርባል። ካርሎፍ ሳያቋርጥ፣ በአንድ ቀረጻ ጨረሰው። ሲጨርስ የቀረጻው ሠራተኞች በሙሉ አጨበጨቡለት። መብራት የያዘው፣ ገመድ የሚጎትተው፣ ሁሉም። ካርሎፍ በ1969 አረፈ።

ቦግዳኖቪች ይህንን ሲያወራ ራሱን አያስቀድምም። «እኔ እንዲህ አድርገህ ሥራው አልኩት» አይልም። የሽማግሌውን ትንፋሽና የሠራተኛውን ጭብጨባ ነው የሚነግርህ። መድረክ ላይ የምናስቀምጠው ሰውም ይህንን እንዲያውቅ ይደረግ።

ስለ ማስመሰሉ፣ አብሮት የሠራ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር በድምፁ ቢልልን ደስ ይለኛል። ከዚያ ካለፈ ግን ተዋናዩ ጠፍቶ አስመሳዩ ብቻ ይቀራል።

የድምፅ ባለሙያው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የምለው ምሽቱ ካልተቀረጸ ግማሹ ልፋት ከንቱ ነው።

ቦግዳኖቪች ከዳይሬክተሩና ተዋናዩ ከኦርሰን ዌልስ ጋር በ1960ዎቹ መጨረሻ የቴፕ ቃለ ምልልስ ጀመረ። ዌልስ በ1985 ሞተ። መጽሐፉ የወጣው በ1992 ነው። በመሃል ብዙ ነገር ተፈጥሯል፣ ዌልስ ቦግዳኖቪች ቤት ድረስ መጥቶ የኖረበት ጊዜም አለ። ያ ቴፕ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናነበው የዌልስ ንግግር አይኖርም ነበር። መቼ እንደምናሳትመው ሳናውቅም ቢሆን አሁን እንቅረጽ።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ለአውጊው የራሱ ማይክ፣ ለጠያቂው የራሱ ማይክ፣ ድምፁ ለየብቻ ይቀረጽ። ቪዲዮ በአንድ ካሜራ ይበቃል። በዚያው ማታ ፋይሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይገለበጥ፣ ሁለቱም አንድ ቤት አይቀመጡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል መቅጃው በባትሪም የሚሠራ ይሁን።

ጠያቂው ማን ይሆናል የሚለው ላይ ግን እንጨነቅ። ቦግዳኖቪች ራሱ ዳይሬክተሩን ጆን ፎርድን በካሜራ ፊት ስለ አንድ ትልቅ ትዕይንት፣ እንዴት እንደቀረጸው ጠይቆት ነበር። ፎርድ «በካሜራ» ብሎ ዘጋበት። ሰፊ ጥያቄ ለዝምተኛ ሰው አይሆንም። «ልምምድ ላይ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር? እጁን የት ያስቀምጥ ነበር?» ብትሉት ይከፈታል።

ከዋሽንግተን አካባቢ የምትሳተፈው አባል፦

ሰላም ናችሁ? ዘግይቼ ገባሁ፣ ሰዓታችን አይገጥምም።

እስካሁን ታሪኩ የተወራው ሰው በሙሉ ወንድ ነው። የቦግዳኖቪችም መጽሐፍ ያው ነው፣ ሊሊያን ጊሽ፣ ማርሌን ዲትሪክ፣ ኦድሪ ሄፕበርንና ማሪሊን ሞንሮ ቢኖሩበትም ወንዶቹ ይበዛሉ። እኛ ያንን አንድገም። አስናቀች ወርቁ ተዋናይትም የክራር ተጫዋችም ነበረች። ክራሯ በቅጂ አለ፣ ትወናዋን ግን ማን ይንገረን? ከምሽቶቹ ግማሹ ለሴት ተዋንያን ይሁን፣ በፕሮፖዛሉ በቁጥር ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በዕድሜ የገፉ የመድረክ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ መምጣት ለብዙዎቹ ይከብዳል። እዚህ ቤታቸው ሄደን ቀርጸን እንላክላችሁ። በዙም አይሁን፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ እነሱም ስክሪን እያዩ ማውራት አይመቻቸውም። ለቡና በተቀመጡበት ነው የሚያወሩት።

ከሆሊውድ ጋር የሚያገናኘን የራሳችን ክርም አለን። ደበበ እሸቱ በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ተውኗል፣ ፊልሙ በከፊል የተቀረጸውም ኢትዮጵያ ነው። በዚያ ቀረጻ የሠራ ሰው ቢገኝ ለሁለተኛው ምሽት የተመቸ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦

አዳራሹን በነጻ ካገኘን፣ ወጪው ሃርድ ዲስክ፣ ትራንስፖርትና ለእንግዳው አንድ ጋቢ ነው። ከመዋጮአችን ይወጣል። መግቢያ እንዳናስከፍል እለምናለሁ፣ ተማሪ እንዲገባ።

የትወና አሰልጣኟ፦

ጋሼ፣ አሳምነውኛል። ቦግዳኖቪች ይቅደም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሚያውቅ ሁሉ አያወጋም። ግሩም ትዝታ ይዘው ሲናገሩ ዓመተ ምሕረት የሚደረድሩ አሉ። ስለዚህ ከምሽቱ በፊት ከአውጊው ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ እንቀመጥ። የማስተምርበት ታሪክ አለኝ፣ የራሱ የቦግዳኖቪች ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ ከዳይሬክተሩ ከሂችኮክ ጋር የሆቴል ሊፍት ውስጥ ናቸው። ሰዎች ይገባሉ። ሂችኮክ በድንገት ስለ አንድ በደም ስለተነከረ ሰው ማውራት ይጀምራል። ደሙ ከጆሮው፣ ከአፍንጫው ይወርዳል። ሊፍቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። «ጎንበስ ብዬ ምን ሆንክ አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» ሲል በሩ ይከፈታል። ማንም መውረድ አይፈልግም። ሂችኮክ ግን ይወጣል። ቦግዳኖቪች ሮጦ «ምን አለህ?» ሲለው፣ «ምንም፣ የሊፍት ወጌ ነው» ይለዋል።

ቦግዳኖቪች ይህንን ሲያወጋ እኛንም ሊፍቱ ውስጥ ያስገባናል። እሱ የማያውቀውን እኛም አናውቅም፣ እሱ ሲጠይቅ ነው የምንጠይቀው። ለአውጊዎቻችን የማሳያቸው ይህንን ነው። መጨረሻውን ቀድመው እንዳይናገሩ፣ ያኔ ባወቁት ልክ እንዲሄዱ።

ጸሐፊው፦

ሁሉንም ይዤ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ።

«ማኅበሩ በወር አንድ የተዋንያን ወግ ምሽት ያዘጋጃል። አውጊው ተዋናዩን በሥራ ወይም በቅርብ የሚያውቅ ይሆናል። ወጉ በሙያው ላይ ያተኩራል፤ ልምምዱ፣ አነጋገሩ፣ የመድረክ ጠባዩ፣ የተሳካለትና ያልተሳካለት ምሽት። የግል ሕይወት በማስታወቂያም ሆነ በጥያቄ አይነሳም፣ አውጊው ራሱ ለሥራው አስፈላጊ ነው ካላለ በቀር። ከምሽቶቹ ቢያንስ ግማሹ ስለ ሴት ተዋንያን ይሆናል። እያንዳንዱ ምሽት በድምፅና በምስል ተቀርጾ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ቅጂው ለሕዝብ የሚወጣው አውጊው በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። የተዋናዩ ቤተሰብ አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ይጋበዛል። በውጭ የሚኖሩ አባላት በያሉበት ከተማ ቀርጸው ይልካሉ። ከእያንዳንዱ ምሽት በፊት አሰልጣኟ ከአውጊው ጋር ትቀመጣለች። መግቢያ በነጻ ነው።»

ማስመሰልን በተመለከተ አልተስማማንም። ጋሼ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይፈቀድ ብለዋል፣ አሰልጣኟ ቤተሰቡን ታስባለች። እኔ ወደ ጋሼ አደላለሁ፣ ያለ ድምፁ ስቱዋርት ስቱዋርት አይሆንም። ሁለቱንም አማራጭ ጽፌ ለጉባኤው ላቅርብ።

የመጀመሪያውን ምሽት ታኅሣሥ 28 ብናደርገው ብዬም አስቤ ነበር። ቦግዳኖቪች ያረፈው በዚያ ቀን በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዕለት ሲድኒ ፖይቲየርም አረፈ፣ እሱም ተዋናይና ዳይሬክተር፣ በቦግዳኖቪች መጽሐፍም ውስጥ አንድ ምዕራፍ ያለው። ሁለቱን በአንድ ምሽት ብናነሳቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አንጋፋው የመድረክ ተዋናይ፦

ታኅሣሥ 28 የገና ዋዜማ ነው ልጄ። ሰው ቤተ ክርስቲያን ያድራል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አድርገው። ፖይቲየርን ግን አትተው፣ የሱን እኔ አወጋለሁ።

ጸሐፊው፦

እሺ ጋሼ፣ ገና ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይሁን። የአውጊዎችን ስም ዝርዝር በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስልካቸውን እዚህ አትጻፉ። አዳራሹን እኔ እጠይቃለሁ። የፈቃድ ቅጹን የዋሽንግተኗ እህታችን ብታረቅልን፣ የድምፅ ባለሙያችን ደግሞ ማይኮቹን አዳራሹ ውስጥ ቢሞክራቸው። እስከ ዓርብ ማሻሻያ ካልመጣ ይህንኑ ለጉባኤው አቀርባለሁ።