«በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ለእናቴ እንዴት ላስረዳት?

ሰላም ወገኖች። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

የአክስቴ ልጅ ብድር ሊወስድ ነው። እናቴን ዋስ ሁኚኝ ብሏት እሺ ብላዋለች። ሰኞ ትፈርማለች። ውሉን አምጥታ «አንብብልኝ» አለችኝ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ዘጠኝ መስመር ነው። «ዋሱ ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ በመሆን ዋናውን ገንዘብ ከነወለዱና ከልዩ ልዩ ወጪው ጋር ያለአንዳች ተቃውሞ…» እያለ ይቀጥላል። ሦስቴ አነበብኩላት። «እና ምን አለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ለእሷ ዋስ ማለት «ልጁን አውቀዋለሁ፣ አይክድም» ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ወረቀቱ የሚለው ግን ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጬ አየሁ። በቁጥር 1933 መሠረት እንዲህ ብሎ የፈረመን ዋስ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። ተራ ዋስ ብትሆን ግን «መጀመሪያ የእሱ ንብረት ይታይ» ማለት ትችል ነበር። ያላት ንብረት ደግሞ የምንኖርበት ቤት ብቻ ነው። ቁጥር 1922 የዋስትናው ገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። እኛ ውል ላይ ቦታው ባዶ ነው፤ ከፈረመች በኋላ ማን ምን እንደሚሞላበት አላውቅም።

ይህን ለእናቴ በምን ቋንቋ ልንገራት? ልጁን የጠላሁት እንዳይመስላት እፈራለሁ። ደግሞስ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ይውጣልን ብሎ ጠይቆ የተሳካለት አለ? ምን ብላችሁ ጠየቃችሁ? እባካችሁ ከሰኞ በፊት መልሱልኝ።