በባሕር ጠረፍ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ አርሰኒክን በትክክል ስለመለካት

በባሕር ጠረፍ አካባቢ ከሚገኙ 18 ጉድጓዶች ናሙና ወስጄ በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ያሉትን ከባድ ብረቶች እየለካሁ ነው። ናሙናዎቹን በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ካሳለፍኩ በኋላ ፒኤቻቸው ከ2 በታች እስኪወርድ ድረስ ናይትሪክ አሲድ ጨምሬባቸዋለሁ። እርሳስና ካድሚየም አላስቸገሩኝም፤ ያስቸገረኝ አርሰኒክ ነው።

አተሞችን በክብደታቸው ለይቶ በሚለካው አይሲፒ-ኤምኤስ በተባለ መሣሪያ ስለካ፣ የባሕር ውሃ ሰርጎ የገባባቸውና ክሎራይዳቸው በሊትር ከ3000 ሚሊግራም የሚበልጥ ጉድጓዶች በሊትር ከ12 እስከ 19 ማይክሮግራም አርሰኒክ ያሳያሉ፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው 10 ማይክሮግራም ያልፋል። ሆኖም መሣሪያው የሚሠራበት አርጎን ጋዝ ከክሎራይዱ ጋር ተጣምሮ ልክ እንደ አርሰኒክ ክብደቱ 75 የሆነ ቅንጣት ስለሚፈጥር ቁጥሩን አላመንኩትም። አርሰኒክ የተረጋጋ አይሶቶፑ አንድ ብቻ በመሆኑ በሌላ ክብደት ልለካው አልችልም። ናሙናውን 10 እጥፍ ባቀጥነውም እውነተኛውና ሐሰተኛው ምልክት እኩል ስለቀነሱ ምንም አልነገረኝም። ሐሰተኛውን ምልክት ገምቶ ለመቀነስ በክብደት 77 ላይ የተመሠረተውን የሒሳብ ማስተካከያ ስሞክር ደግሞ የሦስት ጉድጓዶች ውጤት ከዜሮ በታች ወጣ። መሣሪያው አሮጌ ስለሆነ በሂሊየም የሚሠራው የማጣሪያ ክፍል የለውም።

የቀረኝ አማራጭ አርሰኒኩን አርሲን ወደተባለው ጋዝ ለውጦ በአቶሚክ አብዞርፕሽን (አተሞቹ በሚመጡት የብርሃን መጠን) መለካት ነው። ችግሩ፣ አርሰኒኩን አስቀድሞ ከ5 ወደ 3 ቫለንስ ለማውረድ የምጨምረውን ፖታሲየም አዮዳይድ ለማቆያ የተጠቀምኩበት ናይትሪክ አሲድ ያበላሽብኛል። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ የተረፈኝም 50 ሚሊሊትር ብቻ ነው። ከዚህ ናሙና አርሰኒኩን ሳላጣ የናይትሪክ አሲዱን ተጽዕኖ ማስወገድ የምችለው እንዴት ነው?