ቀይ ጥሶ ወንድሜን የገጨው ሾፌር «አረንጓዴ ነበር» አለ፤ ምን እናድርግ?

እባካችሁ ሕግ የምታውቁ እርዱኝ። ታላቅ ወንድሜ ቦሌ መንገድ ላይ አረንጓዴ በርቶለት በቪትዝ መኪናው ሲያልፍ አንድ አይሱዙ ቀይ ጥሶ በጎን ገጨው። እግሩ ተሰብሯል። ቤተሰቡ የሚተዳደርባት ቪትዝም ቆማለች።

ሾፌሩ ግን ለትራፊክ ፖሊስ «አረንጓዴ የበራው ለእኔ ነው» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ትራፊክ ፖሊስ የሳለው የአደጋው ፕላን መኪኖቹ የቆሙበትንና የፍሬን ምልክቱን እንጂ መብራቱን አያሳይም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 መሠረት ሁለት መኪኖች ሲጋጩ የአንዱ ሾፌር ጥፋት ካልተረጋገጠ ጉዳቱን እኩል ይካፈላሉ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቀይ የጣሰ ሰው ግማሹን ዕዳ በእኛ ላይ ሊጭን!

ጥግ ላይ ያለው ሕንፃ ካሜራ አለው። ጥበቃዎቹ ግን ያለ ፖሊስ ደብዳቤ አናሳይም አሉ። ምስሉ ሳይጠፋ ደብዳቤውን መርማሪውን ልጠይቅ ወይስ ፍርድ ቤት ልሂድ? አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ ሁሉንም አይታለች፤ የእሷ ቃል ብቻውን ይበቃል?

በቁጥር 2081 ባለንብረቱም ተጠያቂ ነው። ታዲያ ክሱን በሾፌሩ፣ በባለንብረቱና በሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ላይ አንድ ላይ ማቅረብ ይቻላል? የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ፣ የወንጀሉ ውሳኔ እስኪመጣ መጠበቅስ ያዋጣል? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።