እጣን እጣን የሚል ከባድ የአረብ ሽቶ፦ የትኛው ይሻላል?

ከበድ ያለ፣ ሙጫና እጣን የሚሸት የአረብ ሽቶ ለምትፈልጉ መልሴ አጭር ነው። አቅም ካላችሁ የአሙአጅን ጁቢሌሽን XXV ግዙ፤ በሮማ ቁጥር የተጻፈውን የወንዱን ማለቴ ነው። ሁሉም የሚያወራለትን የዚያውን ቤት ኢንተርሉድ አይደለም።

አሙአጅ የኦማን ቤት ነው፤ በሱልጣን ቃቡስ ፍላጎት እ.ኤ.አ. በ1983 ተመሠረተ። በደቡብ ኦማን የሚገኘው የዶፋር እጣን መለያው ነው። ዛፉ በመተማና በትግራይ እጣን ከሚለቀምበት ከእኛው ዛፍ የተለየ ዓይነት ነው። ሽታው ቀለል ይላል፣ ሎሚ ሎሚም ይላል።

የወንዱ ኢንተርሉድ («ኢንተርሉድ ማን») እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ስሙን ያገነነው ጭሱ ነው። ሲረጩት መጀመሪያ ኦሬጋኖና ቅመም አፍንጫ ይይዛል። ከዚያ እጣን፣ ቆዳና ኡድ የሚባለው መዓዛማ እንጨት ተደበላልቀው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ለብዙ ሰው ይከብዳል። ከሥር ግን ኦፖፖናክስ የሚባል ጣፋጭ ሙጫ አለው። ዛፉ የከርቤ ዘመድ ነው፤ በሶማሊያና በእኛው ሶማሌ ክልል ይበቅላል። ይህ ሙጫ ለስለስ ብሎ ብቅ ሲል በጣም ነው ደስ የሚለው። እዚያ እስኪደርስ ግን ቢሮ ውስጥ ወይም ሚኒባስ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው መከራውን ያያል። ለቀዝቃዛ ምሽት፣ ለሰርግ፣ ለሰፊ አዳራሽ ይሁን።

ጁቢሌሽን XXV ሽቶ ቀማሚው በርትራንድ ዱሾፉር የሠራው ነው። እጣኑ፣ ከርቤውና ኦፖፖናክሱ እዚህም አሉ። ልዩነቱ ከላይ እንጆሪ መሰል ፍሬና ብርቱካን፣ መሐል ላይ ደግሞ የማር ጣፋጭነት መኖሩ ነው። ሙጫው አይቧጥጥም። ጭሱ ካለቀ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀረውን የእጣን ሽታ ለምትወዱ ከዚህ የቀረበ አላውቅም። ለወንድ ተብሎ ቢሸጥም ሴት ብትቀባው ያምርባታል። የግድ የሴት ካላችሁ ከዚያው ቤት የሴቱ ኢፒክ አለ፤ ጽጌረዳ ከእጣንና ከኡድ ጋር ነው።

ዋጋው ያሳስባል፣ እውነት ነው። የሁለቱም 100 ሚሊ ሊትሩ ከሺህ የኤምሬትስ ድርሃም በላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ላታፋ ይሄዳል። ላታፋ የዱባይ ሽቶ ነው፤ ለዋጋው ጎበዝ ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ ኡድ ፎር ግሎሪ ሳፍሮንና ኡድ እንጂ እጣን አይደለም። ኻምራህም ቴምርና ቀረፋ ነው፣ ጣፋጭ። ሁለቱም ጥሩ ሽቶዎች ናቸው፤ የሙጫ ሽታ ለሚፈልግ ግን መልስ አይሆኑም።

በትንሽ ገንዘብ የሙጫውን ሽታ የምትፈልጉ ከሆነ እኔ የምመርጠው ቡኹር፣ ማለትም ከሰል ላይ የሚጨሰው የአረብ ማጠኛ ነው። የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ልብሳቸውን በቡኹር ያጥናሉ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ሽቶ ይረጫሉ። ከሰልና ማጨሻ እኛ ቤትም አለ። ጋቢና ነጠላ ደግሞ ሽታ አጥብቀው ይይዛሉ። በነጭ ልብስ ላይ ግን የዘይት ሽቶ እንዳታንጠባጥቡ፤ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ከወደቀ እድፉ አይለቅም። ዘይቱን ቆዳ ላይ ብቻ፣ ከጆሮ ጀርባና አንጓ ላይ።

ሙሉ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት በትንሽ ብልቃጥ የሚቀዳውን ሞክሩ። ወረቀት ላይ አይበቃም፤ ሙጫ የሰውነት ሙቀት ይፈልጋል። ጠዋት ተቀብታችሁ ማታ አሽትቱት። ሁለት ጊዜ መርጨት ይበቃል።

አሙአጅ በርካሽ «ተገኘ» ከተባላችሁ ደግሞ ካርቶኑ ላይና ጠርሙሱ ሥር ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙ።