ዲኤክስ ዳገት ላይ ሞተሯ እየሞቀ ተቸግሬያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖቼ። ያለችኝ የ1983 ሥሪት ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ 1.3 ሞተር። ባለፈው ዓመት እናቴን ሕክምና ላመላልስበት ብዬ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አውጥቼ ነው የገዛኋት። ሜዳ ላይ ምንም አትል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ግን የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ጋ ይደርሳል። ትናንት ኮፈኑን ስከፍት በራዲያተሩ ክዳን ሥር ውሃው እየተንፈቀፈቀ ይወጣ ነበር፤ እናቴ ውስጥ ተቀምጣ ነበር፣ በጣም ደነገጥኩ።

መኪናዋ በሁለት ቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ አለ፤ የዘይት መለኪያውን አውጥቼ ሳየው ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ወተት አልመሰለም።

አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ ለውሃው መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) አውጥቶ ጣለው፤ ለውጥ የለም። ሌላው "ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ወርዶ ይላጥ" አለኝ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው። ለዚያ አሁን አቅም የለኝም። እኔ የራዲያተሩን ክዳን ጠርጥሬያለሁ፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 አካባቢ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቶሎ መፍላቱ አይቀርም።

ቴስታታው ሳይወርድ ጓርኒሲዮኑን የማረጋገጫ መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ። ቴርሞስታቱስ ይመለስ? ሶማሌ ተራ ደህና ክዳን የት እንደማገኝም ብትጠቁሙኝ። የእናቴ ቀጠሮ ሐሙስ ነው።